ጆሮ ሲመሰክር፣ ማይክ ሲለካ

ሁለት ጥንድ ሞኒተር (ሙዚቃ የሚሠራበት የስቱዲዮ ስፒከር) ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄኛው ይበልጣል» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ከባዱ ነገር ፍርዱን የሰጠው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ጆሮዬ ነው እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን መጀመሪያ የሚፈርደው የቮሊዩም ቁልፉ ነው፤ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ ክፍሉ። ስፒከሩ ራሱ ወረፋ የሚደርሰው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

«እኔ የማምነው ጆሮዬን ነው» የሚለውና «የልኬቱን ግራፍ አሳየኝ» የሚለው ወገን ይህን ያህል ዘመን ሳይግባቡ የኖሩት አንዱ ሞኝ ሌላው ብልህ ሆኖ አይመስለኝም። የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለሰማው ይናገራል፤ ሌላው ከሳጥኑ ስለወጣው። ሁለቱ ሲጣሉ አንዱን አንግሦ ሌላውን ማባረር አያዋጣም። የተጣሉበትን ነጥብ ይዞ መቆፈር ነው የሚያዋጣው። (ከታች ያሉትን ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ከቮሊዩም እንጀምር፤ ብዙ ንጽጽር የሚበላሸው እዚያ ነውና። አንዱ ስፒከር ከሌላው በ1 ዴሲቤል (ዲቢ፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ከፍ ብሎ ቢጫወት ሰሚው «ይሄ ጮክ ይላል» አይልም። «ይሄ ይጠራል»፣ «ሰፊ ነው»፣ «ቤዙ ሙሉ ነው» ይላል እንጂ። ጆሯችን ለቤዝ (ለወፍራሙ ድምፅ) ያለው ንቃት በድምፁ መጠን ይለዋወጣል፤ ድምፁ ዝቅ ሲል ቤዙ ከሌላው ቀድሞ ይጠፋል፣ ከፍ ሲል ደግሞ ቤዙ ከሌላው ፈጥኖ ያድጋል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1933 በመስመር አስፍረውታል፤ ዛሬ አይኤስኦ 226 በሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ውስጥ ያሉት ከርቮች የዚያ ሥራ ተተኪዎች ናቸው። ቮሊዩሙ ሳይስተካከል የተደረገ ንጽጽር እንግዲህ የሁለት ስፒከሮች ሳይሆን የሁለት ቮሊዩሞች ንጽጽር ነው።

ማስተካከሉ ቀላል ይመስላል። ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን፣ እንደ ፏፏቴ የሚሰማ የሙከራ ድምፅ አጫውቶ የድምፅ መጠን መለኪያው በሁለቱም ላይ አንድ ቁጥር እስኪያሳይ ቁልፉን ማዞር ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ኖይዙን ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ሙሉውን ሲለቁት ነው። ባለ 8 ኢንች ዉፈር (የቤዝ ድምፅ ማውጫ) ያለው ስፒከር ከባለ 5 ኢንቹ ይልቅ ታች ብዙ ጉልበት ስላለው የመለኪያውን ቁጥር እሱ ይይዘዋል። ቁጥሩን እኩል ለማድረግ ትልቁን ስትቀንሱት የዘፋኙ ድምፅ ያለበት መሐለኛው ክፍል አብሮ ይወርዳል። ከዚያ «ትልቁ ድምፁ ይርቃል» ይባላል። እሱ አልራቀም፤ እናንተ ናችሁ ያራቃችሁት። ስለዚህ ኖይዙን ከ500 ኸርዝ እስከ 2 ኪሎኸርዝ ብቻ ቆርጣችሁ ተጠቀሙ። መለኪያው ጭንቅላት በሚያርፍበት ቦታ ማቆሚያ ላይ ይቁም፣ በእጅ አይያዝ። ቁጥሩ ስለሚዋዥቅ ቢያንስ የ10 ሰከንድ አማካይ ውሰዱ። አንድ አንድ ስፒከር እያጫወታችሁ የግራውን ከግራው፣ የቀኙን ከቀኙ ጋር አስተካክሉ። ለዚህ ሥራ የስልክ አፕም ይበቃል፤ 78 ብሎ የሚያሳየው እውነተኛ 78 ላይሆን ይችላል፣ ልዩነቱን ግን ስልኩ እስካልተነቃነቀና የማይኩ አውቶማቲክ ጌይን (ድምፁን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው) እስከጠፋ ድረስ አይስትም። ግባችሁ ከ0.2 ዲቢ ያልበለጠ ልዩነት ይሁን። ከስፒከሩ ጀርባ ያለው ቁልፍ ለዚህ ዓይነት ጥንቃቄ አይመችም፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ በ0.1 ዲቢ እያነሱና እየጣሉ መድረስ ይሻላል።

ቀጥሎ ዓይን ነው። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ በ1994 ያቀረቡት ሙከራ እስካሁን ድረስ ሰውን ያናድዳል። 40 ሰዎች አራት ስፒከሮችን አንድ ጊዜ እያዩ፣ ሌላ ጊዜ ድምፅ በሚያሳልፍ መጋረጃ ተከልለው ነጥብ ሰጡ። እያዩ ሲሰሙ ነጥቡ መጠኑን፣ መልኩንና ስሙን ተከተለ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ግኝት ነው። ስፒከሩ ክፍሉ ውስጥ ቦታ ሲቀይር ድምፁ በእርግጥ ተቀይሯል፤ ያልታያቸው ሰዎች ይህን ሰምተው ነጥባቸውን ሲቀይሩ፣ የሚያዩት ግን ብዙም ሳይሰማቸው አለፈ። ዓይን የሌለ ነገር መጨመሩ ሳያንስ፣ ያለውንም ይሸፍናል ማለት ነው። ተሳታፊዎቹ የድምፅ መሣሪያ አምራች ድርጅት ሠራተኞች ስለነበሩ «እኛ ባለሙያዎች ነን፣ አንታለልም» የሚለው መከላከያም ብዙ አያስኬድም።

ቤት ውስጥ ይህን ለመድገም ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የስፒከር ፊት የሚሸፈንበት ዓይነት ስስ ጨርቅና አንድ ረዳት ይበቃሉ። ረዳቱ ሳንቲም እየጣለ አንዱን ወይም ሌላውን ያጫውታል፤ ሰሚው ፊቱን አያይም፣ አያናግረውም። ጥያቄው «ልዩነት ይሰማኛል ወይ?» ከሆነ 16 ጊዜ ሞክሩ። 12 ጊዜና ከዚያ በላይ በትክክል መለየት በግምት ብቻ የሚገኘው ከ100 አራት ጊዜ ያህል ነው፤ 10 ከ16 ግን ምንም አያስረዳም፣ ምንም እንኳ ያገኘው ሰው ሁሉ ደረቱን ቢነፋበትም። ሁለት ሞኒተሮች ሲሆኑ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ጎልቶ ይሰማል፤ ጥያቄው የትኛው ይሻላል የሚለው ይሆናል፤ ያኔ በየዙሩ የተመረጠውን መጻፍና መልሱ ዙር በዙር ይጸና እንደሆነ ማየት ነው። ዛሬ ኤ ነገ ቢ የሚል ጆሮ ስለ ስፒከሩ ሳይሆን ስለ ራሱ ነው የሚነግራችሁ።

ቦታውም እኩል መሆን አለበት። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጥንዶች አንዱ ከማዕዘኑ በ40 ሳንቲሜትር ይርቃል፣ ሌላው ይቀርባል፤ ቤዙ ላይ ያንን ትሰሙታላችሁ። ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ስፒከሮቹን በማሽን እያንሸራተቱ በሰከንዶች ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ ይተካካሉ። ማሽን የሌለው ሰው መሬት ላይ ቴፕ ለጥፎ በእጁ ይቀያይራል። ችግሩ መቀያየሩ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ የድምፅን ጥቃቅን ዝርዝር በአእምሮ ይዞ መቆየት የሚቻለው ደግሞ ለሰከንዶች ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ዙር በፍጥነት እየቀያየሩ ጎን ለጎን፣ ሌላውን ዙር ቦታቸውን አለዋውጦ መድገም የተሻለ መንገድ ነው። ቦታው ሲለወጥ አሸናፊውም ከተለወጠ፣ ያሸነፈው ቦታው ነበር። ትናንት ሌላ ክፍል ውስጥ የሰሙትን ዛሬ ቤት ከሰሙት ጋር ማነጻጸርማ ከወሬ አያልፍም።

«ስፒከሩ ገና አልተፍታታም፣ 100 ሰዓት ይጫወት» ስለሚባለው ነገርም አንድ ቃል። የዉፈሩ ጠርዝና ማንጠልጠያ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ መላላቱ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ የሚፍታታው የአድማጩ ጆሮ ነው፤ አእምሮ የለመደውን ቀለም መስማት ያቆማል። ይህ መልመድ ለሥራ ይጠቅማል፣ ለፍርድ ግን አደገኛ ነው።

እስካሁን ጆሮን ነው የከሰስኩት። ግራፉም ንጹሕ አይደለም።

በካርቶኑ ላይ «ከ45 ኸርዝ እስከ 22 ኪሎኸርዝ» ተብሎ የተጻፈ ነገር ከጎኑ የዲቢ ወሰን ከሌለው አይነበብም። በ±3 ዲቢ 45 ኸርዝ የሚደርስና በ10 ዲቢ ወርዶ 45 ኸርዝ የሚነካ ስፒከር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛው በ±3 ሲለካ 60 አካባቢ ሊቆም ይችላል። ከቁጥሩ ጎን ያለው ለስላሳ መስመር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በስሙዚንግ (ጥቃቅን ውጣ ውረዶችን በማለስለስ) የተቀባ ነው። በ1/3 ኦክታቭ (ኦክታቭ ማለት ኸርዙ እጥፍ የሚሆንበት ርቀት ነው) ስሙዚንግ የማይቆነጅ ስፒከር የለም።

ከዚህ የሚከፋው አንድ መስመር ብቻ ማሳየት ነው። ስፒከር ድምፅ የሚረጨው ወደፊት ብቻ አይደለም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ጣሪያና ወደ ጠረጴዛ የሄደውም ከጥቂት ሚሊሰከንድ በኋላ ተመልሶ ጆሮ ውስጥ ይገባል። አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። ባለ 6.5 ኢንች ዉፈር ያለው ባለሁለት መንገድ ሞኒተር ክሮስኦቨሩ (ዉፈሩ ለትዊተሩ፣ ማለትም ለቀጭኑ ድምፅ ማውጫ፣ የሚያስረክብበት ነጥብ) 3 ኪሎኸርዝ ላይ ነው እንበል። እዚያ ላይ የድምፁ ሞገድ ርዝመት 11.4 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ የዉፈሩ ኮን ደግሞ ወደ 13 ሳንቲሜትር ስፋት አለው። ከሞገዱ የሚሰፋ ኮን ድምፁን እንደ ባትሪ መብራት ወደፊት ያጠባል። ክሮስኦቨሩን አልፎ ትንሹ ትዊተር ሲረከብ ድምፁ ድንገት እንደገና በሰፊው ይበተናል። ፊት ለፊት የተቀመጠው ማይክ ቀጥ ያለ መስመር ያሳያል። ክፍሉ ግን በ2 ኪሎኸርዝ ጥቂት፣ በ4 ኪሎኸርዝ ብዙ ድምፅ ነው የተቀበለው። አድማጩ «ይቆረቁራል» ይላል፤ ግራፍ ያዡ «ቀጥ ያለ ነው እኮ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በኢኪው (የተመረጠ ክልልን ከፍ ዝቅ በሚያደርግ ማስተካከያ) 4 ኪሎኸርዝን ቢቀንሱት ክፍሉ ይረጋና ቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ይጎድላል፤ በኢኪው የሚድን በሽታ አይደለም። መድኃኒቱ ትዊተሩን የሚገራ ዌቭጋይድ (ድምፁን የሚመራ ቅርጽ)፣ ዝቅ ያለ ክሮስኦቨር ወይም አነስ ያለ ዉፈር ነው፤ ይህም የገዢው ሳይሆን የፋብሪካው ሥራ ነው።

ሲቲኤ 2034 የሚባለው፣ በተለምዶ ስፒኖራማ የምንለው አለካክ የመጣው ለዚህ ነው። ስፒከሩ በየ10 ዲግሪው አግድም አንድ ዙር፣ ሽቅብ ቁልቁል አንድ ዙር ይለካል፤ ሁለቱ ዙሮች የሚጋሩት ፊትና ጀርባ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ሲቆጠር 70 መስመር ይወጣል። ከእነሱ ቀጥታ የሚመጣው፣ ቀድሞ ከግድግዳ የሚመለሰውና በአጠቃላይ ወደ ክፍሉ የሚፈሰው ድምፅ ይሰላል። ኦሊቭ በ2004 እንዲህ ካሉ ልኬቶች ብቻ ተነሥቶ ሰዎች በመጋረጃ ተከልለው ለ70 ስፒከሮች የሚሰጡትን ነጥብ የሚተነብይ ሒሳብ ሠራ፤ የትንበያውና የነጥቡ ተዛምዶ 0.86 ወጣ። ይህ ለእኔ የክርክሩ ትልቁ ማስረጃ ነው። ጆሮና ልኬት ባላንጣ የሚመስሉት ዓይን መሐል ሲገባ ነው፤ ዓይን ሲወጣ በአብዛኛው ይስማማሉ። ከዚያ ውጤት ሲሶ ገደማው የቤዙ ጥልቀት እንደሆነ ግን አትርሱ። ሰው የሚወደው ስፒከርና ሚክስ ለመሥራት (የዘፈኑን ትራኮች ለማዋሃድ) የሚረዳ ስፒከር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ግራፍ ማንበብ ራሱ የዓይን ሥራ ነው፤ ወጥመዱም እዚህ አለ። ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ገጹ ላይ አስቀያሚ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን አይሰማም። በአንጻሩ አንድ ኦክታቭ ሙሉ ቀስ ብሎ የሚያብጥ 1.5 ዲቢ ለዓይን ምንም አይመስልም፤ ግን እያንዳንዱን ዘፋኝ በአንድ ቀለም ይነክራል። ሰፊ እብጠት ከጠባቡ በትንሽ ከፍታ እንደሚሰማ፣ ጉብታ ከጉድጓድ ይልቅ ጆሮ ላይ እንደሚጎላ የቱልና የኦሊቭን የ1988 ሥራ ጨምሮ ደጋግሞ ተፈትኗል። መስመሩ መዝለሉን ሳይሆን አዝማሚያውን ተመልከቱ።

አሁን ወደ ክፍሉ። ከስፒከሩ ፊት ከጀርባው እስካለው ግድግዳ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፤ 343ን በዚያ ርቀት አራት እጥፍ አካፍሉ። 60 ሳንቲሜትር ከሆነ 143 ኸርዝ ላይ፣ 75 ሳንቲሜትር ከሆነ 114 ኸርዝ ላይ ጉድጓድ ይጠብቃችኋል፤ ወደ ኋላ ሄዶ ከግድግዳው የተመለሰው ድምፅ ከቀጥታው ጋር ተቃርኖ ስለሚያጠፋው። ጀርባቸው ግድግዳውን እኩል የራቀ ሁለት ሞኒተሮች ቢቀመጡ፣ የአንደኛው ሳጥን በ15 ሳንቲሜትር ከረዘመ ጉድጓዱ ቦታ ይቀይራል። አንዱ የቤዝ ጊታሩን ኖታ ሲውጥ ሌላው ከበሮውን ይውጣል። ሰሚው ይህን ሁሉ የስፒከሩ ጠባይ አድርጎ ይመዘግበዋል። ኢኪው ላይ 143ን በ6 ዲቢ ማንሣት አራት እጥፍ የአምፕሊፋየር ጉልበት ይጠይቃል፣ ተመላሹም አብሮ በ6 ስለሚያድግ ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል። ስፒከሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ጉድጓዱን ሽቅብ መግፋትና ያንን ፍሪኩዌንሲ በወፍራም የድምፅ መምጠጫ ማከም፣ የሚያብጠውን ቤዝ ደግሞ ከጀርባ ባለው ቁልፍ መቀነስ ይሻላል። የ4 ሜትር ክፍል መካከል ላይ መቀመጥም ያው ነው፤ 43 ኸርዝ እዚያ የለም። የትኛውም ስፒከር አያመጣውም።

40 ሜትር ኩብ ይዘት ባለውና ድምፅ በ0.4 ሰከንድ በሚሞትበት ክፍል ይህ የክፍሉ አገዛዝ እስከ 200 ኸርዝ ገደማ ይዘልቃል። ከዚያ በታች እኔ ለማይኩ ነው የማደላው፤ ጆሮ እዚያ «በዛ» ወይም «አነሰ» ይላል እንጂ የቱ ኖታ እንደሆነ ለይቶ አይነግርም። ከዚያ በላይ ግን አንድ ነጥብ ላይ የቆመ ማይክ ሁለት ጆሮና አንድ አእምሮ የሚሰሙትን አይሰማም። እኛ ቀጥታ የመጣውን ድምፅ ከተመላሹ ለይተን እናደምጣለን፤ ማይኩ ሁለቱን ደምሮ ነው የሚጽፈው።

ስትለኩ ታዲያ እንዲህ አድርጉ። እንደ ሩም ኢኪው ዊዛርድ ያለ ነፃ ሶፍትዌርና የራሱ የካሊብሬሽን (የስሕተት ማረሚያ) ፋይል ያለው ማይክ ይበቃሉ። ማይኩ በጆሮ ከፍታ ይሁን፤ ወደ ስፒከሩ ከዞረ የ0 ዲግሪውን፣ ወደ ጣሪያው ከዞረ የ90 ዲግሪውን ፋይል ጫኑ። እነዚህን ማምታታት ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን መስመር በጥቂት ዲቢ ያጣምማል፣ ሰው ደግሞ ትዊተሩን ይወቅሳል። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚጨምረውን የድምፅ ማሳመሪያ አጥፉ። ስዊፑን (ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚሄደውን የሙከራ ድምፅ) በ75 እና በ80 ዲቢ መካከል፣ ግራና ቀኙን ለየብቻ ልቀቁ። ከዚያ ማይኩን ጭንቅላት በሚንቀሳቀስበት 30 ሳንቲሜትር ያህል ውስጥ ዘጠኝ ቦታ እያዛወራችሁ ድገሙና አማካዩን ውሰዱ። ከ200 ኸርዝ በታች በ1/12 ኦክታቭ ወይም ያለ ስሙዚንግ አንብቡ።

መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ሲወርድ ታገኙታላችሁ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደናገጠውና በኢኪው ቀጥ የሚያደርገው። አታድርጉት። ቤዝ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚፈስ ክፍሉ ይደምረዋል፤ ትሪብል (ቀጭኑ ድምፅ) ወደፊት ስለሚያተኩርና በቀላሉ ስለሚመጠጥ ብዙ አይደመርም። ቀጥ ያለ ስፒከር ጤናማ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ያንን ቁልቁለት ነው። ቀጥ አድርጋችሁ ከለካችሁት ስፒከሩ ትሪብል የበዛበት ሆኗል፤ እሱ ላይ የሠራችሁት ሚክስም ሌላ ቦታ ሲሰማ የታፈነ ይሆናል።

ጆሮ ከግራፍ ቀድሞ ያወቀበት ዝነኛ ጉዳይም አለ። ያማሃ ኤንኤስ 10 በ1978 ለቤት ተብሎ የወጣ ትንሽ ስፒከር ነበር። የፍሪኩዌንሲ መስመሩ መሐሉ ላይ ያበጠ፣ ቤዙ ቶሎ የሚያልቅ ነው፤ በወረቀት ብቻ ቢፈረድ ከስቱዲዮ በር አያልፍም። ነገር ግን በ2001 ምርቱ እስኪቆም ድረስ የሚክስ ጠረጴዛዎች ላይ ነገሠ። በዚያው ዓመት የቀረበ ጥናት ምክንያቱን ሌላ ግራፍ ላይ አሳየ። ሳጥኑ ድፍን ስለሆነ ቤዙ ከብዙዎቹ ባለቀዳዳ ሞኒተሮች ይልቅ ቶሎ ይቆማል፤ ኪክ (የእግር ከበሮው) ሲመታ መታ፣ ሲያበቃ አበቃ። መሐንዲሶቹ የሰሙት ነገር እውነት ነበር። ልኬቱም አልዋሸም፤ የተጠየቀው የተሳሳተ ጥያቄ ነበር እንጂ። ከዚህ ተነሥቶ «ግራፍ አይጠቅምም» ብሎ መደምደም ግን አይሆንም፤ የትዊተሩን ስለት ለመግራት ሶፍት መለጠፍ ያስፈለገውም ያው ስፒከር ነውና።

ጆሮን ራሱን የሚለካ አንድ ሙከራ ልጨምር፤ ይህን ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ እመክራለሁ። አራት ዘፈኖችን ከነትራካቸው ውሰዱ። እያንዳንዱን አንድ ጊዜ በኤ፣ ሌላ ጊዜ በቢ ሞኒተር ከባዶ ሚክስ አድርጉ፤ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን ይለፍ፣ የመጀመሪያውን ሴሽን አትክፈቱ። ሁለተኛው ሚክስ በልምድ ስለሚሻል ሁለቱን ዘፈን ከኤ፣ ሁለቱን ከቢ ጀምሩ። ሲያልቅ ሚክሶቹን እኩል ላውድነስ (የሚሰማ የድምፅ መጠን) ላይ አምጥታችሁ የሙሉ ዘፈኑን አማካይ ስፔክትረም (በየፍሪኩዌንሲው ያለውን የድምፅ መጠን) አውጡና አንዱን ከሌላው ቀንሱ። ኤ ላይ የሠራችሁት ከቢው ይልቅ 80 ኸርዝ አካባቢ 3 ዲቢ ቤዝ ከበዛበት፣ ኤ እናንተ ወንበር ላይ ቤዙን በዚያ ያህል አሳንሶ ነው የሚያሳያችሁ፤ ምንም ዓይነት የካርቶን ጽሑፍ ይህን አይነግራችሁም። የሁለቱም ሞኒተሮች ሚክሶች ከምታከብሩት የተጠናቀቀ ሥራ በአንድ አቅጣጫ ርቀው፣ ለምሳሌ ሁለቱም 120 ኸርዝ ላይ ወፍረው ከተገኙ ግን ስፒከር መቀየሩን ለጊዜው ተዉትና ሜትሩን ይዛችሁ ወደ ግድግዳው ሂዱ።